ማንም «አንቺ» ያላላት ሴት

ጽሑፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ደረሰኝ። ሁለቴ በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ፣ አንዴ ከእህቴ፣ አንዴ ከማላውቀው ቁጥር። አምስተኛውን የላከልኝ ባለቤቴ ነው። ከሥሩ እስከ እንባው የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል። እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ሆኖ ላከው፤ እኔ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ተቀበልኩት። የእኔ እንባ የሽንኩርት ነበር።

«አንድ ቀን ሴት ብሆን» ይላል ርእሱ። ጸሐፊው የከተማችን የሐዋሳ ልጅ ነው። ብዕር አለው፣ አልክድም፤ ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። መጻፍ የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ አልፌው ወደ ሽንኩርቴ እመለስ ነበር።

ላላነበባችሁ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ሴት ሆኖ ይነሣል። ፍቅር ሐይቅ ይወርዳል። ቡና ይጋበዛል፣ አሳ ይጋበዛል፣ ባጃጅ ይከፈልለታል፤ ኪሱ ሳይነካ ይመሻል። ሥራ ቢፈልግ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚመርጠው ሴት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ልግባ ቢል መግቢያ ነጥቡ ይቀነስለታል። ቤት ደግሞ ማረፊያው ነው፤ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚለው የለም። መንገድ ላይ ማንም አይደበድበውም፣ ፖሊስ አያስቆመውም፣ ወንበር ይለቀቅለታል። ሲከፋው ያለቅሳል፣ ሲያለቅስም ያባብሉታል። ስለዚህ የሴት ኑሮ ቀላል ነው። ሴቶቹ በተራቸው አንድ ቀን ወንድ ቢሆኑ ግን «እስከ ምሳ አይዘልቁም»። መግቢያው ላይ ደግሞ ይህን ነገር በባህላችን ከእሱ በፊት ማንም ደፍሮ እንዳላሰበው ይነግረናል።

ሳልጨምር ሳልቀንስ ያቀረብኩት ይመስለኛል። አሁን መልሴን እንካ ወዳጄ። «አንተ» ስልህ አትቀየመኝ። «እርስዎ» ልልህ አስቤ ነበር። ግን በአማርኛ «እርስዎ» ሲባል ጾታው ይጠፋል፤ የዛሬው ጉዳያችን ደግሞ እሱው ነው።

ከመግቢያህ ልጀምር። ማንም አላሰበውም? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ፣ ጦቢያ የምትባል ልጅ ወንድ መስላ የምትጓዝበት ታሪክ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና አፉን ሲፈታ ያወራው ይህንኑ ነው ማለት ነው።

ከዚያም በፊት ስንክሳሩ አለ። እንባ መሪናን ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ያውቃታል። አባቷ ሲመንን ተከትላው፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የወንዶች ገዳም ገባች። እንደ ወንድ መነኩሴ ኖረች። አንድ ቀን የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ አረገዘችና «ከዚያ መነኩሴ ነው» አለች። መሪና አንድ ቃል ብትተነፍስ ነፃ ትወጣ ነበር። አልተነፈሰችም። ከገዳሙ ተባረረች። ሕፃኑንም አምጥተው ሰጧት፤ ወተት እየለመነች አሳደገችው። ሴት መሆኗ የታወቀው ካረፈች በኋላ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ላንተ የሚጠቅም ነገር ነበር፤ አልተጠቀምክበትም። ወንድ የሆነችው ሴት የደረሰባት የወንድ ዕዳ ነው። ባልወለደችው ልጅ «አባት» ተብላ ተከሰሰች። ከአሳው ግብዣ ይልቅ ይህኛው ክርክርህን ያጠናክርልህ ነበር።

እዚሁ እግራችን ሥር ደግሞ የሲዳማዋ ንግሥት ፉራ አለች። ታሪኳ በየሰው አፍ ይለያያል። ዋናው ግን ይህ ነው፤ ወንዶችን የሴት ታዛዥ አድርጋ የገዛች ንግሥት ነበረች ይባላል። የማይሆን ነገር ታዛቸው ነበር፤ በሰማይና በምድር መካከል የተንጠለጠለ ቤት ሥሩልኝ እስከማለት። ወንዶቹ መክረው የማይጋለብ የዱር አውሬ ላይ አሰሯት፤ እየጎተተ በታተናት። የአካሏ ክፍል የወደቀባቸው ቦታዎች በዚያው ተሰየሙ ይላሉ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ስለ ፉራ ሲያወሩ ስለ ጭካኔዋ ነው። ሚስታቸው ሲያወሩ ግን ስለ ምክሯ ነው፤ «ምስጢራችሁን ለወንድ አታውጡ» ትል ነበር ይላሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ንግሥት፣ ሁለት ታሪክ።

ስለዚህ የመጀመሪያው አይደለህም። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ወደ ሒሳቡ እንለፍ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ገቢና ወጪ ሳይ ነው የምውለው። የግብዣው ነገር ላይ ግማሽ እውነት አለህ። ካፌ ውስጥ ወንድና ሴት ቁጭ ካሉ አስተናጋጁ ሒሳቡን የሚያስቀምጠው ወንዱ ፊት ነው። ኪሱ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚጠይቀው የለም። ታናሼ ባጃጅ ነጂ ነው። አንዲት ልጅ አሞራ ገደል ወስዶ አሳ ለመጋበዝ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳውን ዘሎ እንደሠራ አውቃለሁ። በደረቅ ዳቦ ነበር የዋለው። ይህን በደንብ ጽፈኸዋል።

ግን ያየኸው አንዱን ዓምድ ብቻ ነው። ግብዣ ብዙ ጊዜ ብድር ነው። አሳው ተበልቶ «በል፣ እኔ ቤቴ ልግባ» ስትል ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው አለ። በማግስቱ «በላችው» ይባላል። ያ ግሥ ስለ አሳው አይደለም። ይህን ስለምናውቅ ብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ እንዳንጨቃጨቅ ቀድመን ተነሥተን ካሸር ጋ ሄደን የራሳችንን እንከፍላለን። ያንን አላየህም፤ ጀርባህን ሰጥተህ ሐይቁን ስታይ ነበር።

ሌላም ዓምድ አለ። ከመሥሪያ ቤቴ እስከ አቶቴ ቀን ቀን ከሰው ጋር ተጭኜ በባጃጅ እሄዳለሁ። ከመሸ ግን ኮንትራት ነው የምይዘው፤ እሱም ከማውቀው ልጅ ጋር፣ ስልክ ደውዬ። የኮንትራት ዋጋ ከተራው ምን ያህል እንደሚበልጥ አንተም ታውቃለህ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደሞዝ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ እየተናፈሰ በእግሩ ይገባል። ባለፈው ወር ለኮንትራት ያወጣሁትን ደመርኩት። በዚያ ብር አንተን አሳ መጋበዝ እችል ነበር፤ ኮተሌትም፣ ጉላሽም፣ ሾርባም ጨምሬ።

የሥራው ነገር ብዙ አያቆየንም። ፓርኩ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። እውነት ነው፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ልጆች። አንተ «ሴት ይመረጣል» ብለህ አለፍክ። ለምን ብለህ ግን አልጠየቅክም። የልብስ ስፌት ፋብሪካ በየትም አገር ሴት ይቀጥራል። ጣታቸው ቀጭን ነው፣ ጭቅጭቅ አይወዱም ይባላል። ደሞዙም አብሮ ቀጥኗል። በ2011 ዓ.ም. ገደማ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ ላይ በፈረቃ የሚተኙ ልጆች ጎረቤቴ ነበሩ። አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች፤ ፍራሹ አይቀዘቅዝም። ታኅሣሥ 2014 አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትወጣ ትዕዛዝ ቀነሰ። መጀመሪያ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ የሄደችው ያችው «የተመረጠችው» ናት።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡ ላይ ግን ትንሽ ልስጥህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴቶች ካለፈው መበላለጥ የተነሣ ልዩ ድጋፍ እንደሚገባቸው ይናገራል፤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ሐዋሳ ላይ በግል ትምህርት ቤት አስጠኚ ተቀጥሮላት የተማረችውም፣ ከበንሳ ገጠር ውኃ ቀድታ እየመጣች የተማረችውም እኩል ድጋፍ ሲያገኙ ሳይ አይዋጥልኝም። የእኔ ልጅና የዚያች ልጅ እኩል አልተጎዱም። ይህን አንስተህ ቢሆን አብሬህ እጮህ ነበር።

አሁን ቤት እንግባ። ቀንህ የሚጀምረው በሦስት ሰዓት ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ደጋግሜ አነበብኩት። ሴት ሆነህ፣ በሥራ ቀን፣ በሦስት ሰዓት ተነሣህ! ወዳጄ፣ አንተ የተነሣኸው እንደ ሙሽራ ነው።

ያለፈውን ማክሰኞ ልንገርህ። ማታ አብሲት ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ተነሥቶ፣ ምጣዱን ልሰካ ስል መብራት ሄደ። ሊጥ መብራት እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል፣ ይሟሟል። ተኛሁ፤ ግን ማብሪያውን ሳላጠፋ ነው የተኛሁት፣ ሲመጣ እንዲቀሰቅሰኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ተነሣሁ።

ምጣዱ እስኪግል ሻይ ጣድኩ። ጎመን ዘር በጨርቅ አሸሁበት። የመጀመሪያው እንጀራ እንደ ልማዱ ተበላሸ፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ የምጣዱ ነው። ሁለተኛው ዓይን አወጣ። ከዚያ በኋላ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው፤ አዙሮ ማፍሰስ፣ መክደን፣ መጠበቅ፣ በሰፌድ ማውጣት። ሠፈሩ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ነገር ግን ከጎረቤት የማድ ቤት መስኮት ብርሃን ይታያል፤ ከማዶም ሌላ። መብራቱን የጠበቅኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። በዚያ ሌሊት መንገዳችን ላይ የነቁ መስኮቶችን ቆጠርኩ፤ አምስት ነበሩ፤ አምስቱም ማድ ቤት። ሃያ ሁለት እንጀራ ጋግሬ ስጨርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ልተኛ ብል ከአንድ ሰዓት በኋላ የልጆቹ ምሳ ዕቃ አለ። አልተኛሁም።

ባለቤቴ በአሥራ ሁለት ተኩል ተነሥቶ እንጀራውን አየና «ውይ፣ ለምን አልቀሰቀስሽኝም? አግዝሽ አልነበር?» አለኝ። ከልቡ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው። (ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። ጥሩ ሰው ነህ።) ግን «ላግዝሽ» የሚለውን ቃል አስበው። ማንም ሰው የገዛ ሥራውን «ላግዝ» አይልም። ሥራው የማን እንደሆነ ቃሉ ቀድሞ ተናግሯል።

የእኔ ቤት ብቻ እንዳይመስልህ። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አድርጎ ነበር። ሴቶች ያለ ክፍያ ለቤት ሥራና ሰው ለመንከባከብ የሚያውሉት ጊዜ ከወንዶቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ በሕግም ተጽፎ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። ባልየው አገልጋይ ሊያቆምላት ካልቻለ ደግሞ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት ሕጉ ይናገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ያ ቀርቶ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። ሊጡ ግን ገና አልሰማም።

«ምን ይዘህ መጣህ?» ያልከው ላይ አልከራከርህም። አባት ባዶ እጁን የቤቱን በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ እኔ ባዶ እጄን ስገባ ማንም እጄን አያይም። አንድ ነገር ግን ረሳህ፤ ለአንተ የሚሆን ነገር ነው የረሳኸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። ገና ሲያቅፋት ክርኑ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ነበር። በር ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያስር ቆየ፤ ክር የሌለው ጫማ መሆኑን ያየሁት በኋላ ነው። ስለዚህ ብትጽፍ ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ ለአምስት ሰው የማጋራልህ።

እዚህ ጋ ርእሴ ላይ ደረስን። መንገድ ላይ ሴት ትከበራለች፣ ማንም አይነካትም አልክ።

አንድ የአማርኛ ነገር ላሳይህ። «እኔ» ጾታ የለውም። «ሄድኩ፣ በላሁ፣ ደከመኝ» ወንዱም ሴቷም እኩል ይሉታል። ጽሑፍህ እንደ ውኃ የፈሰሰልህ ለዚህ ነው፤ ከላይ እስከ ታች «እኔ» ነህ። «ሴት ሆንኩ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ግሥ መለወጥ አያስፈልግህም። በአማርኛ ሴትነት የሚመጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ነይ። ቁጭ በይ። የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? ምነው ዝም አልሽ? ምነው ለፈለፍሽ? ጽሑፍህን እንደገና አንብበው። ቡና የጋበዘህም፣ ባጃጅ የከፈለልህም፣ ወንበር የለቀቀልህም ድምፅ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው «አንቺ» አላለህም። ማንም «አንቺ» ያላላት ሴት ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ የለችም።

ቅዳሜ ዕለት ከገብርኤል አደባባይ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሬ ወረድኩ። ላንተ ብዬ ነው፣ መልስ ልጽፍ ስላሰብኩ። ቀጥ ያለ፣ ለእግር የሚመች መንገድ ነው። የሰማሁትን ስልኬ ላይ መዘገብኩ። «ቆንጆ።» «እሙዬ።» «አንቺ ባለ ቢጫ።» ነጠላዬ ጥለቱ ቢጫ ነው። «ኧረ ሰላም በይን።» ዝም አልኩ። «ምን ያኮራሻል!» ዝም አልኩ። ከዚያ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም። ከ«ቆንጆ» እስከ ስድቡ የነበረው ርቀት ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው ድረስ ነው። አድናቆት ነው እንዳትለኝ። አድናቆት በሃያ እርምጃ ውስጥ ስድብ አይሆንም። ስሙ ለከፋ ነው።

ይህ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ ነጠላ ለብሼ ነው። የሃያ ዓመቷን ልጅ በምሽት አስባት። ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እሺ አባዬ፣ ደርሻለሁ» ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? አባቷ መስመር ላይ የለም። እኔም እንዲያ ብዬ አውቃለሁ፤ የእኔ አባት እንዲያውም ከሞተ አሥር ዓመቱ ነበር።

ወንድም ይጎዳል፣ ይህን አልሸሽም። ታናሼ ሁለት ተሳፋሪዎች ታቦር ተራራ አካባቢ አስቁመው የቀኑን ገቢና ስልኩን ወስደውበታል። አንገቱ ላይ የቀረው ምልክት አሁንም አለ። ማታ ማታ ፖሊስ የሚያስቆመውም እሱን ነው፤ እኔን አይደለም። እዚህ ላይ ልክ ነህ። ልዩነቱ በማግስቱ ነው። እሱ በተዘረፈ ማግስት ሠፈሩ ሁሉ «የትኞቹ ናቸው? የት ሄዱ?» ሲል ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት የምናውቃት ልጅ ከሥራ ስትመለስ ተደፈረች። እሷ የተጠየቀችው «በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?» ተብላ ነው። ፈረቃዋ ያለቀው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ምን ትሠራ?

እንባው ላይ ከሁሉም በላይ ወደ አንተ እጠጋለሁ። ታናሼ ለራሱ ባጃጅ ሊገዛ ለሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ብር ለአንድ ሰው ሰጥቶ ሰውየው ተሰወረ። ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይገባል፤ ዝም። እናታችን «ይህ ልጅ ታመመ እንዴ?» ስትል «ደክሞት ነው» እያልን አሳለፍነው። እኔ ብሆን መጀመሪያው ቀን ላይ ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። እሱ በሁለተኛው ወር ጨጓራ አመመው።

ግን ወንድ አያለቅስም ስትል ተፈጥሮው አስመሰልከው። ለቅሶ ቤት ሄደህ አታውቅም? ደረቱን እየመታ የሚያለቅስ ስንት ወንድ አለ! ነውር የሚለው የለም። ስለዚህ እንባው አለ፤ የጎደለው ፈቃዱ ነው፤ ፈቃዱም ሰው ሲሞት ብቻ የሚሰጥ ሆኗል። ሴት ስታለቅስ ትባበላለች ያልከው ደግሞ መሥሪያ ቤት አይሠራም። አንድ ጊዜ አለቃዬ ሰው ፊት ሲያዋርደኝ ሽንት ቤት ገብቼ፣ ቧንቧ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት። ብታይ «ሴት ስለሆነች ነው» እባላለሁ። ወንዱ ቢታይ «እንደ ሴት» ይባላል። ሁለታችንም የምንሰደበው በአንድ ቃል መሆኑ አይገርምህም? የጎበዘች ሴት «ወንድ ናት» ትባላለች፣ የባለገ ወንድ «ሴት ያሳደገው»።

ይህን የመጨረሻውን ታናሼን አንድ ተሳፋሪ በመልስ ብር ተጣልቶ ብሎታል። እኛን አራታችንን ያሳደገችን እናታችን ናት፣ ብቻዋን። ታናሼ ዞር ብሎ «አዎ፣ ምነው?» አለው። ሰውየው የሚለው ጠፋው። ወርዶ ሄደ፤ ሳይከፍል።

በመጨረሻ «እስከ ምሳ አይዘልቁም»። እሺ፣ ልሞክር። አንድ ቀን ወንድ ብሆን።

በአሥራ ሁለት ሰዓት አሞራ ገደል እወርዳለሁ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ልጆቹ ቆሮሶ አሳውን በዚያች ስስ ቢላ ከአጥንቱ ሲለዩት፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ዘበኛ ቆመው ፍርፋሪ ሲጠብቁ አያለሁ። አሁንም ማየት እችላለሁ፤ ግን አሁን «ምን ፈልገሽ ነው?» እባላለሁ። ወንድ ሆኜ ምንም ሳልፈልግ እቆማለሁ። ከዚያ ፀጉር ቤት ገብቼ ስለ አርሰናል የማላውቀውን እከራከራለሁ። ረፋድ ላይ አንድ ሰው ኩንታል ሲያወርድ «ና እስቲ ያዝ» ይለኛል፤ እዚህ ላይ እንደምወድቅ አልደብቅህም። ወገቤ እንኳን ለኩንታል፣ ለሊጥ ባልዲም አልበቃም። አንድ ዘመድ ብድር ይጠይቀኛል፤ የለኝም ማለት አፍሬ እሰጣለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ሰው እጋብዛለሁ፤ ያንተን ጽሑፍ እያስታወስኩ፣ እየከፋኝ። እስከ ምሳ ዘለቅኩ እንግዲህ።

ከሰዓት በኋላው ምንም አይደለም። እኔ የምጠብቀው ማታውን ነው። በሦስት ሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ብቻዬን ሄጄ እቀመጣለሁ። ምንም አላደርግም። ጫማዬን አወልቃለሁ። ከኋላዬ እርምጃ ብሰማ አልዞርም። ጉማሬ እንኳ ቢያጉረመርም አልነሣም። ሲበቃኝ በእግሬ ቤቴ እገባለሁ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለታናሼ አነበብኩለት። የእሱ ነገር ስላለበት ፈቃዱን ልጠይቅ ብዬ ነው። የባጃጁን መስታወት እየወለወለ ሰማኝ። ስለ ብሩ ያለው ቦታ ላይ መወልወሉን አቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለና ሳቀብኝ።

«በሦስት ሰዓት? ብቻህን? ሞኝ ነህ እንዴ! ስልክህን ይቀሙሃል።»

ስልኬን ቤት ትቼ እሄዳለሁ።